አሌክሳንደር ሊያፑኖቭ፦ ከመረጋጋት ንድፈ ሐሳብ እስከ ኤሌክትሪክ ኃይል ሥርዓት

የኤሌክትሪክ ኃይል ሥርዓት ድንገተኛ ብልሽት ሲገጥመው መረጋጋቱን ለመመዘን ከሚያገለግሉ ዘዴዎች የአንዱን መሠረት የጣሉት የሒሳብና የመካኒክስ ሊቅ ናቸው። አሌክሳንደር ሊያፑኖቭ እ.ኤ.አ. በ1857 በሩሲያ፣ በያሮስላቭል ከተማ ከሥነ ፈለክ ተመራማሪ አባት ተወለዱ። በሴንት ፒተርስበርግ ለማስተርስ ሲዘጋጁ፣ ታዋቂው ቼቢሼቭ በ1882 የሚሽከረከር ፈሳሽ አካል ስለሚይዘው ቅርጽ ከባድ ጥያቄ አቀረቡላቸው። ጥያቄው ወደ ሰፊው የመረጋጋት ጉዳይ መራቸው። ከ1885 ጀምሮ በካርኮቭ እያስተማሩ የደከሙበትን ምርምር በ1892 የዶክትሬት ድርሳን አድርገው አሳተሙ።

የድርሳኑ አንድ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ የተናወጠ አካል ከሚዛኑ ርቆ እንደማይሄድ ለማረጋገጥ እኩልታዎቹን እስከ መጨረሻው መፍታት ግድ አይደለም፤ ጉልበትን የሚመስል ፈንክሽን አግኝቶ ከጊዜ ጋር እንደማይጨምር ማሳየት ይበቃል። በሸለቆ የሚንከባለል ድንጋይ አፋፉን የሚያሻግር ጉልበት ከሌለው፣ መንገዱ ባይታወቅም ከሸለቆው እንደማይወጣ ይታወቃል።

ሊያፑኖቭ በ1901 ለሳይንስ አካዳሚ ተመረጡ። በ1917 በሳንባ ነቀርሳ ከታመሙት ባለቤታቸው ጋር ወደ ኦዴሳ ሄዱ። በጥቅምት 1918 መጨረሻ ባለቤታቸው ሲሞቱ በዚያው ዕለት በራሳቸው ላይ ተኮሱ፤ ከ3 ቀናት በኋላም አረፉ።

ከዕረፍታቸው 48 ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ ተመራማሪዎች ዘዴውን በኃይል ሥርዓት ላይ አዋሉት። በመስመር ላይ ሾርት ሰርኪውት ሲደርስ ጄኔሬተሩ ኃይሉን እንደ ወትሮው ማስተላለፍ ይሳነዋል፤ ተርባይኑ ግን መግፋቱን ስለማያቆም ሮተሩ ይፈጥናል። ሰርኪውት ብሬከሩ ዘግይቶ ከቆረጠ የተጠራቀመው ጉልበት ከአፋፉ ያልፍና ጄኔሬተሩ ከሌሎቹ ጋር እኩል መሽከርከሩን ያጣል። የሊያፑኖቭ ዘዴ ብሬከሩ የሚቆርጥበትን የመጨረሻ ጊዜ ያለ ረጅም ስሌት ለመገመት ያስችላል። ሆኖም ግምቱ ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ ጥንቁቅ ነው፤ መስመሮቹ የሚያባክኑት ኃይል ሲታሰብም ተስማሚ ፈንክሽን ማግኘት ያስቸግራል።

ጉዳዩ ለአካባቢያችን ሩቅ አይደለም። ከከላላና ከመካነ ሰላም ደጋ የሚወርደው ውኃ ወደ ዓባይ ይገባል፤ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብም ኃይሉን በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በደዴሳ በኩል ወደ ሆለታ ይልካል። መስመር ሲረዝምና ጭነት ሲከብድ አፋፉ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የ1892ቱን ድርሳን ከአገራችን መስመሮች ባሕርይ ጋር አስማምቶ መፈተን ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎቻችን የሚገባ ሥራ ነው።