ሐዘኑን በዜማ የተወጣው አንቶኒን ድቮርዣክ

ታላቁ የቼክ የሙዚቃ ደራሲ አንቶኒን ድቮርዣክ ከፕራግ በስተሰሜን በምትገኘው በኔላሆዜቬስ መንደር እ.ኤ.አ. በ1841 ተወለደ። አባቱ ሥጋ ሻጭና የመጠጥ ቤት ባለቤት ነበር። የባቡር ሐዲድ በመንደሩ ሲዘረጋ ድቮርዣክ ገና ልጅ ስለ ነበር፣ ለባቡር ያደረበት ፍቅር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለየውም።

ፕራግ ገብቶ ኦርጋን ከተማረ በኋላ እስከ 1871 ድረስ በቲያትር ኦርኬስትራ ውስጥ ቪዮላ ይጫወት ነበር። በ1873 አና ቼርማኮቫን አገባ፤ ኑሮውንም በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን በመጫወትና ሙዚቃ በማስተማር ይደጉም ጀመር። በ1875 የኦስትሪያ መንግሥት ለችግረኛ ከያንያን የሚሰጠውን ድጎማ ሲያገኝ ችግሩ ቀለል አለለት።

እፎይታው ግን አልሰነበተም። በዚያው ዓመት ልጁ ዮዜፋ በተወለደች በሁለተኛው ቀን ሞተች። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ድንግል ማርያም ከመስቀሉ ሥር ያለቀሰችውን ልቅሶ የሚናገረውን ስታባት ማተር የተባለ የላቲን ቅኔ በዜማ ማዘጋጀት ጀመረ። በፒያኖ አጃቢነት ከነደፈው በኋላ ግን ሳይፈጽመው አቆየው።

በኦገስት 1877 የአሥራ አንድ ወር ልጁ ሩዤና ፎስፎረስ ያለበት ፈሳሽ ጠጥታ ሞተች። ቤተሰቡ ከሐዘን ሳይነሣ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን የሦስት ዓመቱ ኦታካር በፈንጣጣ ተቀጠፈ፤ ዕለቱም አባቱ 36 ዓመት የሞላበት ነበር። ከሦስቱ ልጆች አንድ እንኳ ሳይተርፍ ቤቱ ወና ሆነ።

ድቮርዣክ በዚህ ጊዜ የቆየውን ንድፍ አነሣ። ለነጠላ ድምፃውያን፣ ለመዘምራንና ለኦርኬስትራ የሚሆነውን እያንዳንዱን መስመር ለይቶ መጻፍ ትዕግሥትና ስሌት የሚጠይቅ ሥራ ነው። እርሱም ልቅሶውን በዚህ የዕለት ተዕለት ድካም ውስጥ አሳልፎ፣ በኖቬምበር ወር ሥራውን ፈጸመ። በጥልቅ ሐዘን የሚከፈተው ድርሰት በአሥረኛው ክፍል ወደ መነሻ ዜማው ተመልሶ፣ የገነት ተስፋ ሲነሣ ወደ ደስታ ይለወጣል።

ስታባት ማተር በ1880 በፕራግ ተሰማ፤ በ1884 ደግሞ ድቮርዣክ ራሱ በለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ መራው፤ ዝናውም በእንግሊዝ አገር ገነነ። በእነዚህ ዓመታት ስድስት ልጆች ተወለዱለት፤ ከእነርሱም አንዱን ዳግመኛ ኦታካር ብሎ ሰየመው።

በ1892 በኒው ዮርክ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሊመራ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በማርች 1894፣ ከአገሩ ርቆ ሳለ፣ ከመዝሙረ ዳዊት መርጦ በቼክ ቋንቋ አሥር መዝሙሮችን ደረሰ። ዳዊት እየደገመ ያደገ የአገራችን ሰው ይህን ምርጫ ለመረዳት አይቸገርም። በዚህ ጊዜ መዘምራንም ኦርኬስትራም አላስፈለጉትም፤ አንድ ድምፅና አንድ ፒያኖ በቁት። መዝሙሮቹን በጨረሰ በሁለተኛው ቀን አባቱ በትውልድ አገሩ ዐረፈ።

ድቮርዣክ በ1904 በፕራግ ሞተ። ሐዘን ከሥራው አላስቀረውም፤ ሥራውም ሐዘኑን አላስረሳውም። ለልጆቹ ሊያደርግ የቀረውን ነገር፣ የጀመረውን በጥንቃቄ በመፈጸም አደረገው።