ዘይነብ ቢንት ሙሐመድ (ረ.ዐ.)፦ ጦርነት የለየው ትዳር፣ ያልተበላ አማና

ከነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሴቶች ልጆች ታላቋ ዘይነብ (ረ.ዐ.) ናቸው። እህታቸው ሩቀያ ከባለቤታቸው ከዑስማን ጋር ወደ አገራችን ሐበሻ ሲሰደዱ ዘይነብ መካ ቀሩ። ያገቡት የአክስታቸውን የሃላን ልጅ አቡል ዓስን ነበር፤ ዐሊንና ኡማማን ወልደዋል። አቡል ዓስ ሲራራ ነጋዴ ስለነበሩ መካውያን ገንዘባቸውን በአማና እየሰጧቸው እስከ ሻም ይነግዱላቸው ነበር።

ዘይነብ ሲሰልሙ ባላቸው አልሰለሙም። ቁረይሾች እንዲፈቷቸው ቢወተውቱም እምቢ አሉ።

በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 624) በበድር አባት በአንድ ወገን፣ ባል በሌላው ተሰለፉ። አቡል ዓስም ተማረኩ። የምርኮኛ ቤዛ እንደ ሰዉ አቅም እስከ 4000 ድርሃም ይደርስ ነበርና ዘይነብ ገንዘብ ልከው በላዩ እናታቸው ኸዲጃ ለሠርጋቸው የሰጧቸውን የአንገት ሐብል ጨመሩ። ነቢዩ ሐብሉን ሲያዩ አንጀታቸው ተላወሰ። ሰሐቦችን አስፈቅደው ሰውየውንም ሐብሉንም መለሱ፤ አቡል ዓስም ዘይነብን ወደ መዲና ሊልኩ ቃል ገቡ።

ቃላቸውን ጠበቁ፤ መንገዱ ግን ክፉ ነበር። ሀባር የተባለ ሰው በጦር አስደንግጧቸው ነፍሰ ጡሯ ዘይነብ ፅንሳቸው ወረደ። ከቀናት በኋላ በሌሊት ወጥተው ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ ተቀበሏቸው።

በ6ኛው ዓመት የአቡል ዓስ ቅፍለት ከሻም ሲመለስ በሙስሊሞች ተያዘ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የተቆራረጠ የዋግ ቤተሰብ ይህን ጭንቀት ያውቀዋል፤ ከመለያየቱ ሌላ የሰው ገንዘብም በእጅ አለ። አቡል ዓስ በሌሊት መዲና ገብተው የዘይነብን ጥበቃ ጠየቁ። ዘይነብ በሱብሒ ሶላት ከሴቶች ረድፍ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጥበቃ መስጠታቸውን አሳወቁ። ነቢዩም የሰሙት ከሰዉ እኩል ነበር፤ ሆኖም አጸደቁላቸው። እንግዳውን እንዲያከብሩ፣ እንደ ባል ግን እንዳይቀርቧቸው አዘዙ። ሰሐቦችም እቃውን እስከ አሮጌው እርኮትና እስከ ገመዱ መለሱ።

አቡል ዓስ እዚያው ቢሰልሙ ገንዘብ ሊበላ ሰለመ መባላቸው አይቀርም ነበር። ስለዚህ መካ ሄደው ለየባለቤቱ አስረከቡ፤ የቀረበት ሰው እንዳለም ጠየቁ። ሸሃዳቸውን ያሰሙት ከዚያ በኋላ ነው። በ7ኛው ዓመት መዲና ሲገቡ ዘይነብ ተመለሱላቸው፤ በፊተኛው ኒካሕ ወይስ በአዲስ በሚለው ላይ ዘገባዎቹ ይለያያሉ።

አብረው ብዙ አልቆዩም። ዘይነብ በ8ኛው ዓመት፣ አቡል ዓስ በ12ኛው ወደ አኺራ ሄዱ። ትንሿን ኡማማን አያቷ ነቢዩ ተሸክመዋት ይሰግዱ ነበር፤ ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧታል፣ ሲነሱ መልሰው ያነሷታል።