ንጉሥ ነጃሺ፦ አማናና ፍርድ

የነጃሺን ታሪክ ጨርሶ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወይ በትምህርት ቤት፣ ወይ በስብሰባ፣ ወይ በበዓል ንግግር ላይ ሰምቶታል። እኔ ተወልጄ ባደግሁባት ሞጣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ከተቃጠሉ በኋላ ደግሞ ይህን ስም ደጋግሜ ሰማሁት። ታዲያ ሁሌም የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። ነጃሺ በተነሣ ቁጥር የሚወራው ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን ነው። የሰውዬውን ሕይወት ቁጭ ብሎ ያነበበ ግን ዋናው ነገር ፍርድ መሆኑን ያያል። እንግዳ መቀበልማ ማንም ይቀበላል፤ እንግዳው ተከስሶ ሲመጣበት ነው ጉዱ።

ሁለት የቁርኣን ቃላትን እንያዝ፤ አማናና ዐድል። አማና በእኛው አማርኛ አደራ ነው። በገበያ ከተማ ያደገ ሰው ቃሉ አዲስ አይሆንበትም። ዐድል ደግሞ ፍትሕ ሲሆን ተቃራኒው ዙልም፣ በደል ማለት ነው። ሱረቱ አን-ኒሳእ በ58ኛው አንቀጹ ሁለቱን በአንድ ትእዛዝ ያስራቸዋል፤ አደራን ለባለቤቱ መመለስንና በሰዎች መካከል ሲፈርዱ በትክክል መፍረድን። ሱራው የወረደው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ ነው፤ የነጃሺ ችሎት ግን ከዚያ በፊት ነበር።

ነጃሺ የማዕረግ ስም ነው፤ ነጋሢ የሚለው የእኛ ቃል በዐረብ አፍ ሲነገር ነው። የንጉሡን መጠሪያ የዐረብ ጸሐፊዎች አስሐማ ይሉታል። ልጅነቱን የሚተርከው በስምንተኛው ክፍለ ዘመን የነቢዩን ታሪክ ያጠናቀረው ኢብን ኢስሐቅ ነው፤ ወሬው ከነቢዩ ባለቤት ከዓኢሻ የተላለፈ ነው። አባቱ ንጉሥ ነበር። ልጁም አንድ ብቻ። ወንድሙ ግን አሥራ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ሹማምንቱ ዙፋኑ ወራሽ በበዛለት ወገን ቢሆን ይሻላል ብለው ንጉሡን ገደሉና ወንድሙን አነገሡ። ልጁ አጎቱ ዘንድ አደገ፤ ብልህ ስለነበር አጎቱ ወደደው። የአባቱ ገዳዮች ይሄ ልጅ አንድ ቀን ይበቀለናል ብለው ፈሩና ይገደል አሉ። አጎትዬው መግደሉን እምቢ ብሎ ከአገር እንዲወጣ ብቻ ፈቀደ። እነሱም ገበያ አውጥተው በ600 ድርሃም ለነጋዴ ሸጡት።

በዚያው ዕለት ማታ አጎቱ በመብረቅ ተመትቶ ሞተ ይላል ትረካው። ልጆቹ ደግሞ ለምንም የማይበቁ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ሹማምንቱ ሮጠው ነጋዴውን ደረሱበት፣ ልጁን ቀሙትና ዘውድ ጫኑለት። ገንዘቡን ግን አልመለሱም! ነጋዴው አዲሱ ንጉሥ ፊት ቀርቦ ከሰሰ። ንጉሡም ወይ ለነጋዴው ገንዘቡ ይመለስለት፣ ወይ የገዛው ባሪያ ይሰጠውና ይዞት ይሂድ ብሎ ፈረደ። ልብ በሉ፣ ባሪያው ራሱ ነው። የመጀመሪያ ፍርዱ ይህ ነበር፤ ሹማምንቱም ከፈሉ።

እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ በመካ የሚደርስባቸውን በደል ያልቻሉ የነቢዩ ተከታዮች ቀይ ባሕርን ተሻገሩ። ነቢዩ ወደ ሐበሻ ሲልኳቸው የሰጡት ምክንያት በዚያ ንጉሥ ዘንድ ማንም የማይበደል መሆኑን ነው። ለጋስነቱን አላነሡም። በጊዜ ብዛት ወንዶቹ ብቻ ከሰማንያ በላይ ሆኑ። ከዚህ በኋላ ያለውን የምትተርከው ኡሙ ሰለማ ናት። ከስደተኞቹ አንዷ ስለነበረች እኛ ጋዜጠኝነት የምንማር ሰዎች የዓይን ምስክር የምንላት ዓይነት ናት።

ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ላኩ። መልእክተኞቹ ያመጡት ስጦታ በዚያ ቤተ መንግሥት የሚወደድ የመካ ቆዳ ነበር። ከንጉሡ በፊት ለእያንዳንዱ ባለሟል እያዞሩ ሰጡ፤ ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግር እንዲያስረክብ እንዲመክሩት ተማመኑ። ባለሟሎቹም እንደተባሉት መከሩ። ነጃሺ ተቆጣ። ከሌላው ሁሉ እሱን መርጠው የተጠጉትን ሰዎች ሳይሰማ አሳልፎ እንደማይሰጥ ተናገረ። አንዴ በዋጋ ተላልፎ የተሰጠ ሰው መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ነው።

ስደተኞቹ ተጠሩ። ስለ እነሱ የተናገረው ጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ነበር። ነቢዩ ያዘዟቸውን ሲዘረዝር እውነት መናገር፣ አደራ መመለስ፣ ዝምድናን መጠበቅ፣ ለጎረቤት መልካም መሆን፣ ከደም መራቅ፣ የየቲም ገንዘብ አለመብላት አለ። አማና ከመጀመሪያዎቹ መካከል መሆኑ አስገርሞኛል። ከዚያም ከሱረቱ መርየም መጀመሪያ ቀራ፤ ንጉሡ ጢሙ እስኪርስ አለቀሰ፣ ጳጳሳቱም አለቀሱ።

ዐምር በማግስቱ ተመለሰ። አሁን ሰዎቹን የሚያጠፋ ጥያቄ ይዟል፤ ስለ ኢየሱስ ምን እንደሚያምኑ ይጠየቁ አለ። ጀዕፈር ሳይሸሽግ የአላህ ባሪያ፣ መልእክተኛ፣ መንፈሱና ወደ ድንግል መርየም የጣለው ቃሉ ነው ብሎ መለሰ። ነጃሺ ከመሬት እንጨት አንሥቶ ልዩነቱ የዚችን ያህል እንኳ እንዳልሆነ ተናገረ። ባለሟሎቹ አጉረመረሙ። እሱ ግን ማጉረምረማቸውን ከቁብ አልቆጠረውም፤ ስጦታውንም አስመለሰ። አላህ መንግሥቱን ሲመልስለት ጉቦ እንዳልጠየቀው፣ እሱም በዚህ ጉዳይ ጉቦ እንደማይበላ ገለጸ። ያ ሁሉ የልጅነት ታሪክ ትርጉሙ እዚህ ጋ ነው የገባኝ።

ሙስሊሞች ነጃሺ እስልምናን ተቀብሎ ሞቷል ብለው ያምናሉ፤ ክርስቲያኖች ይህን አይቀበሉም። ክርክሩ በዚህ ጽሑፍ አያልቅም። ደግሞ ከስደተኞቹ አንዱ ዑበይዱላህ ኢብን ጀሕሽ እዚሁ ክርስቲያን ሆኖ፣ በክርስትናው እንደጸና እዚሁ ሞቷል።

እ.ኤ.አ. በ628 ነቢዩ መልእክተኛ ሲልኩ ንጉሡ የቀሩትን ስደተኞች በሁለት መርከብ አሳፍሮ ሸኛቸው። ለአሥራ ሦስት ዓመት ያህል የያዘውን አደራ መለሰ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ እሱ ሲሞት ነቢዩ መዲና ላይ ሶሓቦችን አሰልፈው ሰገዱለት። አስከሬኑ በሌለበት ለሟች የሚሰገደው ሶላተል ጋኢብ መነሻው ይኸው ስግደት ነው።