የአየር ጀግናዋ ቤሲ ኮልማን

በትምህርት ቤታችን ሰማይ ላይ አይሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብሎ የማያይ ተማሪ የለም። ከመካከላችንም አብራሪ ለመሆን የሚመኙ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ለዚህ የበዓል መጽሔት የአንዲት አብራሪ የሕይወት ታሪክ መርጠን ለአንባብያን ለማቅረብ ወደናል። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቤሲ ኮልማን በ1892 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ክፍል ከድኃ ጥቁር ቤተሰብ ተወለደች። ልጅ ሳለች አባቷ ከቤት ወጥተው ስለሄዱ እናቷ ልጆቻቸውን በድካም አሳደጉ። ቤሲ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል በእግሯ እየሄደች ትማር ነበር፤ የጥጥ ለቀማ ወራት ሲደርስ ግን ትምህርቱን ትታ እርሻ ትወርድ ነበር። ኮሌጅ ገብታ ገንዘቧ ስላለቀባት ከአንድ ወቅት በላይ ልትቆይ አልቻለችም። በ1915 ዓ.ም. ወደ ቺካጎ ሄዳ በአንድ የፀጉር ማስተካከያ ቤት ውስጥ የደንበኞችን ጥፍር በማሳመር ሥራ ተቀጠረች።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰ ወንድሟ የፈረንሳይ ሴቶች አይሮፕላን እንደሚያበሩ እየነገረ ያሾፍባት ነበር። እርስዋ ግን ነገሩን ከልቧ ያዘችው። በአገሯ ያሉት የበረራ ትምህርት ቤቶች ጥቁርና ሴት በመሆኗ አንቀበልም ባሏት ጊዜ ፈረንሳይኛ ተምራ በ1920 ዓ.ም. መጨረሻ ባሕር ተሻገረች። በዚያም ስትማር አንድ ተማሪ በአይሮፕላን አደጋ ሲሞት አየች፤ ቢሆንም ወደ ኋላ አላለችም። በጁን 15 ቀን 1921 ዓ.ም. የአብራሪነት ፈቃድ ተቀበለች፤ ከጥቁር አሜሪካውያን ሴቶችም የመጀመሪያዋ ሆነች።

በዚያ ዘመን አንድ አብራሪ እንጀራውን የሚያገኝበት ዋናው መንገድ የአየር ትርኢት ነበር። ከጦርነቱ የተረፉ፣ ከእንጨትና ከሸራ የተሠሩ አይሮፕላኖች በርካሽ ይሸጡ ነበር። አብራሪዎቹም በሕዝብ ፊት በአየር ላይ ይገለበጣሉ፤ ቁልቁል ተወርውረው መሬት ሊነኩ ሲሉ ይነሣሉ። ሕዝቡ በቅርብ እንዲያይ ሲባል ዝቅ ብለው ስለሚበሩ፣ ሞተር ቢጠፋ ወይም እጅ ቢሳሳት ስሕተቱን ለማረም የሚበቃ ከፍታም ጊዜም አልነበራቸውም። ቤሲ ራስዋ በ1923 ዓ.ም. በካሊፎርንያ ሞተሩ ጠፍቶባት ወድቃ እግሯና የጎድን አጥንቶቿ ተሰበሩ። ከዳነች በኋላ ግን ተመልሳ በረረች፤ አሳቧ ገንዘብ አጠራቅማ ለጥቁሮች የበረራ ትምህርት ቤት መክፈት ነበርና። ባደገችበት ከተማም ጥቁሮችና ነጮች በተለያየ በር ይግቡ በተባለ ጊዜ፣ ሁሉም በአንድ በር ካልገባ አልበርም ብላ አሸነፈች፤ መቀመጫው ግን እንደተለያየ ቀረ።

በ1926 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ክፍል በጃክሰንቪል ከተማ ትርኢት እንድታሳይ ተጠራች። አሮጌውን አይሮፕላን ከቴክሳስ ያመጣው ዊልያም ዊልስ የሚባል መካኒክ ሲሆን፣ በመንገድ ላይ ሞተሩ እያስቸገረው ከአንድ ጊዜ በላይ ሳይወድ በግድ አርፎ ነበር። በኤፕሪል 30 ቀን፣ ማለት በትርኢቱ ዋዜማ፣ ዊልስ እያበረረ ቤሲ ከኋላው ተቀምጣ ወጡ። በማግስቱ በጃንጥላ የምትዘልበትን ስፍራ አጎንብሳ ለማየት ፈልጋ የመቀመጫውን ቀበቶ አላሰረችም። አይሮፕላኑ በድንገት ወደ ታች ተወርውሮ ተገለበጠ፤ ቤሲም ከብዙ መቶ ሜትር ከፍታ ወድቃ በ34 ዓመቷ ሞተች። ዊልስም ከአይሮፕላኑ ጋር ተከስክሶ ሞተ። ኋላ ሲመረመር አንድ የብሎን መፍቻ በመሪው መሣሪያ መካከል ገብቶ እንዳይንቀሳቀስ ቀርቅሮት ተገኘ።

እኛን ያስገረመን ይህ ነው። የዘር ጥላቻና ድኅነት፣ የባሕር ማዶ ጉዞና የአጥንት ስብራት ያልበገሯትን ሴት የገደላት በስፍራው ያልተቀመጠ አንድ የእጅ መሣሪያና ያልታሰረ ቀበቶ ነው። ቀበቶውን የተወችውም በትዕቢት ሳይሆን በበቂ ምክንያት ነበር። ነገር ግን ጥንቃቄን ለመተው ምክንያት የሚያጣ ሰው የለም፤ አደጋም ምክንያታችንን አይጠይቅም።

ቤሲ በሞተች በ20ኛው ቀን በአሜሪካ አብራሪዎች ፈቃድ እንዲያወጡና አይሮፕላኖች እንዲመረመሩ የሚያዝዝ ሕግ ተፈረመ። ሕጉ በእርስዋ ሞት ምክንያት የወጣ ባይሆንም እንደ እርስዋ ያሉትን ብዙዎች ከሞት አድኗል። ዛሬ በአየር ትርኢት ላይ ተመልካቹ ከተወሰነ መሥመር እንዳያልፍ ይከለከላል፤ አብራሪውም አደገኛውን ጨዋታ በሕዝቡ ራስ ላይ አያደርግም።

የቤሲ አሳብ ግን ከእርስዋ ጋር አልተቀበረም። የእርስዋን ፈለግ ከተከተሉት የቺካጎ ጥቁር አብራሪዎች አንዱ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን በ1935 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን ሊወር በተነሣ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በአየር ኃይላችን አገለገሉ። ከነጻነት በኋላም ተመልሰው ወጣቶቻችንን በረራ አስተማሩ፤ በ1954 ዓ.ም. በአይሮፕላን አደጋ ምክንያት በአዲስ አበባ ዐርፈዋል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚህ ግቢ ወጥተን ወደየሥራችን ስንሄድ፣ አንዳችን አብራሪ፣ አንዳችን መካኒክ፣ አንዳችን ሐኪም ብንሆን፣ ከቤሲ ድፍረትን እንማር፤ መፍቻውንም ቆጥረን እናስቀምጥ፣ ቀበቶውንም እንሰር። የሚጠነቀቀውን ጓደኛችንን ፈሪ እያልን የምንስቅበት ልማድም ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።