ቡሴንጎና የአተሩ ናይትሮጅን

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ የተጓዘ ሰው አዲስ ቅዳም አካባቢ መሬቱን ሸፍኖ የነበረውን ዲከረንስ ሳያይ አያልፍም ነበር። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክለው ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ቆርጦ ያከስለው ነበር። ሥሩን ቆፍሮ ያየ ሰው ትንንሽ እባጮች ያገኛል። የዛሬው ባለታሪካችን ለዓመታት የፈለገው መልስ እንዲህ ባሉ እባጮች ውስጥ ነበር።

ዣን ባቲስት ቡሴንጎ በ1801 (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ፓሪስ ተወለደ። የማዕድን ባለሙያ ሆኖ ደቡብ አሜሪካ አሥር ዓመት ያህል ሠራ። ተመልሶ ካገባ በኋላ በአልዛስ፣ ቤሸልብሮን በተባለ የባለቤቱ ቤተሰብ እርሻ ላይ ሚዛን ይዞ ተቀመጠ። ወደ ማሳው የገባውን ፍግና የወጣውን ሰብል እየመዘነ ናይትሮጅኑን አሰላ። በ1838 አተርና ክሎቨር ካልተሰጣቸው ቦታ ናይትሮጅን እንደሚያተርፉ፣ ስንዴና አጃ ግን እንደማያተርፉ አሳወቀ። ትክክል ነበር።

በ1850ዎቹ ግን ይበልጥ ሊጠነቀቅ ፈለገ። አፈሩን በእሳት አቃጥሎ፣ ተክሉን በመስታወት ዘግቶ ሙከራውን ደገመው። ትርፉ ጠፋ። እሳቱ ያጠፋቸው በሥሩ እባጭ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን መሆኑን ማን ያውቃል? ቡሴንጎ ሚዛኑን አምኖ ተክል ከአየር ናይትሮጅን አይወስድም አለ። እኔን የሚገርመኝ መሳሳቱ ሳይሆን፣ ስሙን ያስጠራለትን ግኝት በራሱ እጅ ለመሻር አለማመንታቱ ነው።

ሥራውን ግን አላቆመም። ሱፍ በናይትሬት እንደሚያድግ አሳየ፤ ቅጠል በብርሃን የሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የሚያወጣው ኦክስጅን በመጠን እንደሚቀራረቡም ለካ። ሁለቱን ለየብቻ ነበር ያጠናቸው። ዛሬ ክሎሮፕላስት ውስጥ እንደሚገናኙ እናውቃለን። ናይትሬት መጀመሪያ ከክሎሮፕላስቱ ውጭ ናይትራይት ይሆናል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ብርሃን ከውኃ ነጥሎ ፌሬዶክሲን ላይ ባስቀመጠው ኤሌክትሮን አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያው ከፎቶሲንተሲስ በተገኘ ካርቦን ላይ ተሳፍሮ አሚኖ አሲድ ይወጣዋል። ከዚያ የሚሠራው ሩቢስኮ ደግሞ ተመልሶ ካርቦን ይይዛል። ናይትሮጅን ያጣ ቅጠል ቢጫ የሚሆነውም ለዚህ ነው። የዲከረንሱ ባክቴሪያዎችም ቢሆኑ ያለ ቅጠሉ ስኳር አይሠሩም።

በ1886 ጀርመናዊው ሄልሪገል የእባጮቹን ምስጢር በርሊን ላይ ይፋ አደረገ። ቡሴንጎ በቀጣዩ ዓመት፣ በ86 ዓመቱ፣ ፓሪስ ውስጥ ሞተ።