አበበ ቢቂላ

ሻምበል አበበ ቢቂላ (ነሐሴ 1 ቀን 1924 – ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.) በኦሎምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሯጭ ነው። የተወለደው በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በምትገኘው በጃቶ መንደር ሲሆን በወጣትነቱ የክብር ዘበኛ ባልደረባ ሆነ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ለቶኪዮው ውድድር አምስት ሳምንት ሲቀረው ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ቢያስወጣም፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በሜክሲኮ ግን እግሩን ታሞ ስለነበር 17ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አቋረጠ።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ሸኖ አጠገብ የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች። እስኪነጋ ድረስ ከውስጧ የሚያወጣው አላገኘም። አከርካሪው ተጎድቶ እጅና እግሩ አልታዘዝ አለ፤ ራሱን እንኳ ማንቀሳቀስ አልቻለም። ከሳምንት በኋላ እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተላከ።

በዚያ ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳት ክፍልን በ1936 ዓ.ም. የመሠረቱት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ራሳቸው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ነበሩ፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለ ጉዳት ቢላዋ ለማንሳት መቸኮልን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ቀዶ ጥገና የተዛነፈ አጥንት ሊያቃና፣ ኅብለ ሰረሰርን የተጫነውን ሊያነሳ ይችላል፤ የተበጠሰውን ኅብለ ሰረሰር ግን አይቀጥልም። በዚያን ዘመን ከአከርካሪው ጀርባ አጥንት ቆርጦ ማውጣት ብዙ ጊዜ አከርካሪውን ይበልጥ ያላላው ነበር። ስለዚህ የጉትማን ዘዴ በሽተኛውን በትራስ ደግፎ ማስተኛት፣ የአልጋ ቁስል እንዳይዘው በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ፊኛውን ከመመረዝ መጠበቅና ቀስ በቀስ በስፖርት ማጠንከር ነበር። ቀላል ይመስላል እንጂ፣ ቀድሞ እንዲህ የተጎዱ ሰዎች አብዛኞቹ የሚሞቱት በቁስሉና በፊኛው መመረዝ ነበር።

አበበ በዚያ ስምንት ወር ታክሞ እጆቹ ዳኑለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ስለ እርሱ ሲወራ ሮምና ቶኪዮ ይነሳሉ እንጂ ከዚያ በኋላ ያደረገው እምብዛም አይነገርም። ሐምሌ 1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንዴቪል የተሽከርካሪ ወንበር ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ፣ በእንግድነት ተጠርቶ ሳለ፣ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። በ1964 ዓ.ም. የሙኒክ ኦሎምፒክ ሲከፈት ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበለት።

በ41 ዓመቱ ከአደጋው ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ አረፈ። ቀብሩ አዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት፣ በሙሉ ወታደራዊ ሥነ ሥርዓት ተፈጸመ።