አልማ ፒል፦ ከንጉሡ ዕንቁላል ጀርባ የነበረችው እጅ

በዚህ እትም የእጅ ሥራዋ ዓለምን ዞሮ ስሟ ግን ለረጅም ዘመን ተሸፍኖ የቆየ የአንዲት ሴት ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል።

የሩሲያ ነገሥታት ከ1885 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፋሲካ በወርቅና በከበሩ ድንጋዮች ያጌጠ ዕንቁላል ያሠሩ ነበር። ሥራው የሚሰጠው ሴንት ፒተርስበርግ ለነበረው የፋበርዤ ጌጣጌጥ ቤት ነው። ዕንቁላሎቹ ዛሬም የሚጠሩት በዚሁ ቤት ስም ነው። ከመካከላቸው ሁለቱን የነደፈችው ግን አልማ ፒል ናት።

አልማ በ1888 ሞስኮ ተወለደች። አባቷም የእናቷ አባትም ለፋበርዤ የሚሠሩ ጌጥ ሠሪዎች ነበሩ። ገና በልጅነቷ አባቷ በ1897 ሲሞቱ እናቷ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመለሱ። አልማ በ20 ዓመቷ ገደማ በአጎቷ ወርክሾፕ ተቀጠረች። ሥራዋም ተሠርተው ያለቁ ጌጦችን በመዝገብ ላይ መሣልና የወጣባቸውን ወጪ መጻፍ ነበር። በትርፍ ጊዜዋ ግን የራሷን ንድፍ ትሞክር ነበር። ይህን ያዩት አጎቷ ንድፎቿን ለሥራ ያውሉላት ጀመር።

አንድ ቀን የነዳጅ ከበርቴው ኢማኑኤል ኖቤል 40 ትናንሽ የደረት ጌጦች በአስቸኳይ አዘዙ። አልማ ቀና ብላ ስታይ በወርክሾፑ መስኮት ላይ የረጋው ውርጭ በፀሐይ ያብረቀርቃል። ንድፉን ከዚያው ወሰደች። ይኸው ሐሳብ አድጎ በ1913 የክረምት ዕንቁላል የተባለው ሆነ፤ ጥርት ካለ ክሪስታል ድንጋይ ተፈልፍሎ ከ1,600 በላይ አልማዝ የተፈረጠበት፣ ሲከፈት በውስጡ ነጫጭ አበቦች የሞሉበት ቅርጫት ያለው ነው። ዳግማዊ ኒኮላስ ለእናታቸው ሰጡት።

የ1914ቱን ዕንቁላል ሐሳብ ደግሞ ያገኘችው ከጥልፍ ነው። አማቷ እሳት ዳር ተቀምጠው ሲጠልፉ የእሳቱ ብርሃን በክሩ ላይ ሲጫወት አየች። ስፌቱን በጥቃቅን የከበሩ ድንጋዮች ተክታ ነደፈችው። ያ ዕንቁላል ዛሬ በእንግሊዝ ንጉሣውያን ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ ፋበርዤም ተዘጋ። አልማና ባለቤቷ በ1921 ወደ ፊንላንድ ተሰደዱ። ባለቤቷ በወረቀት ፋብሪካ ተቀጠረ፤ እርሷም ኩሳንኮስኪ በምትባል ከተማ ከ20 ዓመት በላይ ሥዕልና የእጅ ጽሕፈት አስተማረች። ስላለፈው ሥራዋ አታወራም ነበርና ተማሪዎቿ መምህራቸው ማን እንደነበረች አላወቁም። በ1976 አረፈች።

ስሟ በሰፊው የታወቀው ከሞተች በኋላ የአጎቷ ወርክሾፕ የሥራ መዝገቦች ሲገኙ ነው። ንድፎቹ ከነቀናቸው እዚያው ነበሩ። የክረምቱ ዕንቁላል በ2025 ለንደን ላይ ከ22 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጧል።

እኛ ጥልፍ የምንጠልፍ፣ ፈትል የምንፈትል፣ ስፌት የምንሰፋ ሴቶች ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንይዛለን። ሥራችን ገበያ ሲወጣ ስማችን ቤት ይቀራል። መዝገብ ግን ቀላል ነገር ነው፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃዋል። ማን ሠራችው፣ መቼ፣ ስንት ቀን ፈጀ፣ ስንት ወጣበት ብለን እንጻፍ። ዋጋ ስንጠራም በእጃችን የምንይዘው ማስረጃ ይኸው ነው። እናንተም ደጋፊዎቻችን፣ የእጅ ሥራ ስትገዙ የሠሪዋን ስም ጠይቁ።